ኑሀ የሞላው ቦረቦር

ኑሀ ይማም የቆቦን ሜዳ የሚያውቀው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ሌላው ሰው «የእገሌ ማሳ፣ የእገሌ ግቢ» ብሎ የሚጠራውን ቦታ እሱ «አሥራ አራት ክንድ ደለል፣ ከሥሩ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ» ይለዋል። ከጎብዬ እስከ ዋጃ፣ ከአስፋልቱ ዳር እስከ ዞብል ተራራ ሥር ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ሲቆፍር ኖሯል። የሰው ስም ይጠፋዋል፣ የጉድጓድ ጥልቀት ግን አይጠፋውም። ገበያ ላይ ሰው ሲያገኝ እንኳ ስለ ሚስትና ስለ ልጅ ከመጠየቁ በፊት «ውሃው እንዴት ነው? አልደፈረሰም?» ይላል። ሰዉም ለምዶት «አልሐምዱሊላህ፣ ውሃውም ከብቱም ደህና ነው» ብሎ ይመልስለታል። የመሬቱን ሆድ እንዲህ የሚያውቅ ሰው የገዛ ልጆቹን ሆድ ግን አያውቅም ነበር። ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው።

በራያ ቆላ ገበሬው የሚጠብቀው የሰማዩን ዝናብ ብቻ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ከምዕራቡ ደጋ ጎርፍ ይወርዳል። ገበሬው ያንን ጎርፍ በድንጋይና በእሾህ እየጠለፈ ማሳው ላይ ያሳድረዋል። ጎርፉ ማሽላውን ያጠጣል፣ ከደጋ ያመጣውንም አፈር ትቶለት ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ አገር ጥሩ መሬት ማለት ጥልቅ መሬት ነው፤ ዶማ ሲያርፍበት ድምፅ የማያሰማ፣ ልስልስ ያለ። ዶማውን የሚያንቃጭለው ጭንጫ የፍየል መዋያ ነው። ለጠላት እንጂ ለወዳጅ አይሰጥም።

ኑሀ ከአባቱ የወረሰው መሬት መሐሉ ቦረቦር ነበረው፤ የድሮ ወንዝ የሄደበት፣ ግመል ከነጭነቱ ቢገባበት የማይታይ። ሌላው ቢሆን «የአላህ ሥራ ነው» ብሎ ይተወው ነበር። ኑሀ ግን አፉን በድንጋይ ዘጋና በየክረምቱ ጎርፍ አስገባበት። አንዱ ክረምት አንድ ክንድ፣ ሌላው ክረምት ሁለት ክንድ እያለ፣ በአሥራ አምስት ዓመት ከሜዳው ጋር አስተካከለው። የጎርፉን ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ አያ አራጌ፣ «ሰው በሬ ያደልባል፣ ኑሀ መሬት አደለበ» እያሉ ይስቁበት ነበር። በመጨረሻ እዚያ ላይ የበቀለው ጅጉርቲ የሚሉት ማሽላ ሰው ሲሰውር አይተው እሳቸውም ዝም አሉ። ኑሀ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ እንደዚያ መሬት የሚኮራበት አልነበረም።

ሚስቱ ዘሊካ ሁለት ሴቶች ልጆች ትታለት ነው የሞተችው። ታላቋ መይሙና ታናሿን ዚነትን አዝላ አሳደገች። ኑሀ ጉድጓድ ውስጥ በሚውልበት ዘመን ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። ከላይ ገመዱን የሚይዝለት ደግሞ ረመዳን የሚባል፣ መሬት የሌለው፣ ቃል የማይወጣው ሰው ነበር። ጉድጓድ ቆፋሪ ነፍሱን የሚሰጠው ለገመድ ያዡ ነው፤ ኑሀም ረመዳንን ከወንድም አብልጦ ያምነው ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ዚነት ለሥራ ጅዳ ሳለች፣ ረመዳንና መይሙና ኑሀን ሳያስፈቅዱ ኒካህ አሰሩ። ሰውየው አበደ። «ገመዴን የያዘ እጅ ልጄን ይዞ ሄደ!» እያለ ለሰሚው ሁሉ ተናገረ። ቢያስፈቅዱት እሺ ይል ነበር ወይ ብትሉ፣ አይልም ነበር።

ሽማግሌ ገባ። «ልጅህ ናት፣ ቢያንስ የቤት ቦታ ስጣት» አሉት። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ሰጣት፤ ከዞብል ሥር ያለውን ጭንጫ፣ ፍየል እንኳ ጥርሷን የምታደንዝበትን። ሽማግሌዎቹ መሬቱን አይተው እርስ በርስ ተያዩ፤ ግን ስጥ እንጂ ምን ስጥ አላሉም ነበርና ፋቲሓ አድርገው ተበተኑ። ረመዳን እዚያ ለውሃ ቢቆፍር ወዲያው አለት ነካ። ኑሀ ጉድጓዱ እንደደረቀ ሲሰማ አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አላየም። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ዚነት ግን የዓይኑ ብሌን ሆና ቀረች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጅዳ ሄዳ፣ ስምንት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ኑሀ እጇን ይዞ ያደለበው መሬት ላይ አቆማት። «ምርጡን ነው የምሰጥሽ» አላት። እሷም በላዩ የብሎኬት ቤት ሠራች፤ በሰፈሩ የመጀመሪያው፣ ባለ ሦስት ክፍል፣ በረንዳው ቀይ ቀለም የተቀባ። ጉድጓዱን ኑሀ ራሱ ቆፈረላት። ሃያ ሁለት ክንድ ሙሉ ዶማው ድንጋይ አልነካም። ከዚያ ባጃጅ የሚነዳውን ሰላሁዲንን አገባች። መጀመሪያ ላይ መይሙና እየወረደች ከእህቷ ጉድጓድ ውሃ ትቀዳ ነበር። አንድ በጋ ውሃው ሲቀንስ ሁለቱ ክፉ ቃል ተለዋወጡ፣ በማግሥቱም የጉድጓዱ ክዳን ላይ ቁልፍ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ አልተነጋገሩም። ኑሀ ቁልፉን አይቶ እንዳላየ አለፈ።

በጥር፣ ከአፋር በኩል መሬት ይንቀጠቀጣል የሚለው ወሬ በየሬዲዮው በሚነገርበት ሰሞን፣ ኑሀ ከዞብል ሥር ላንድ ገበሬ ጉድጓድ እየቆፈረ ነበር። ረቡዕ ጠዋት፣ ስምንት ክንድ ወርዶ አለቱን በድጅኖ ሲፈነቅል፣ ከሥሩ አንድ ነገር «ጓ» አለ። እሱ እዚህ ሲመታ ሌላ ሰው ከታች የመታ መሰለው። ሁለት ሦስት ጠጠር ወረደ፣ ከዚያ ዝም አለ። ከላይ ያለው ገመድ ያዥ ዋሲሁን «አያ ኑሀ፣ ደህና ነህ? ከባድ መኪና ሳያልፍ አልቀረም» ብሎ ጮኸ። ሁለቱም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ለምሳ ወደ ሜዳው ሲወርድ ግን አገሩ ሁሉ ውጭ ነበር። ሴቱ ያለቅሳል፣ ሽማግሌው «ዘልዘላ ነው፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ያ ረቢ» ይላል። ኑሀ ሮጦ ዚነት ቤት ደረሰ። ከወለደች ገና ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ወንድ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ በረንዳው ላይ ቆማለች። የሳሎኑ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል፣ እጅ ያስገባል። ብርጭቆው ሁሉ ረግፏል፣ ቁም ሣጥኑ በግንባሩ ተደፍቷል። «አባየ፣ ቤቱ እኮ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ! ደጋግሞ!» አለችው።

ኑሀ የሚያደርገው ጠፍቶት ከቤት ቤት ሄደ። በየደጁ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ምን ወደቀባችሁ?» ይላል። ከአስፋልቱ ማዶ፣ አሥር ክንድ ላይ ኮረት ያገኘበት ግቢ፣ ሁለት ጠርሙስ ወድቋል። አሥራ ስድስት ክንድ በቆፈረበት ቤት መደርደሪያ ተገልብጧል። አራት ክንድ ላይ አለት ነክቶ የተወው ሰውዬ ደግሞ «ምን መጣ? እኔ ምንም አልሰማሁ» አለው። ኑሀ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በልቡ ቆጠራቸው። አፈሩ በጠለቀ ቁጥር የወደቀው ይበዛል። ከሁሉ የጠለቀው የዚነት ነው። የሞላውን ቦረቦር አሰበ፣ ከዚያ ደግሞ ላለማሰብ ሞከረ።

ሰው የማያውቀው ነገር ሲመጣ የሚያውቀውን ስም ይሰጠዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ሰፈሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር፤ ዓይን ነው። በሰፈሩ ያለው አንድ ብሎኬት ቤት ሲሰነጠቅ የጭቃው ጎጆ የቆመው፣ ሰው ስለተመቀኘ ነው። ማን ነው የተመቀኘው? መይሙና ናታ። የሷ ቤት ከነጭራሹ አልተነቃነቀም ተብሏል። ዚነትም ይኸን ከጠያቂዎቿ ሰምታ ያዘችው።

በሳምንቱ ሔራን የምትባል የመሬት ጥናት ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ፀሐይ ያጠቆራት ሴት ናት። «የጉድጓዶቹን ጥልቀት የሚያውቅ ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቅ ሰዉ በአንድ ድምፅ ኑሀን ጠቆመ። ኑሀ ከተቀመጠበት ሳይነሳ አርባ ሁለት ጉድጓድ አስጻፋት፤ ስንት ክንድ ጥቁር ወልካ፣ ስንት ክንድ ደለል፣ የት ላይ አሸዋ፣ የት ላይ አለት። ልጅቱ መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር የምትጽፈው። ሃያኛው ላይ ፈገግታውን ትታ ፊቱን ታየው ጀመር። ከዚያ ዞብል ሥር ጭንጫው ላይ አንድ፣ ዚነት አጥር ሥር አንድ መሣሪያ ተከለችና፣ በሁለቱም ቦታ ብረት መሬት ላይ አስቀምጣ በከባድ መዶሻ መታች። የመሣሪያውን መስኮት ለኑሀ አሳየችው። የጭንጫው መስመር አንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ተኛ። የዚነት አጥር መስመር ግን ተነሣ፣ ወረደ፣ ተነሣ፣ ወረደ፣ አልተኛ አለ።

«ሞገዱ አለት ውስጥ ይሮጣል» አለች ሔራን። «ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ ሩጫው ይቀንሳል። ጉልበቱ ግን የትም አይጠፋም፣ መወዛወዝ ይሆናል። ከሥሩ አለት ካለ ደግሞ መውጫ አጥቶ እዚያው ይመላለሳል። የአፈሩ ውፍረትም የራሱ ልክ አለው፤ ከልኩ ጋር የገጠመ ሞገድ ሲመጣ እየገዘፈ ይሄዳል።»

ኑሀ አሰብ አደረገ። «ባልዲ በአጭር ገመድና ባልዲ በረጅም ገመድ አንድ ዓይነት አይወዛወዝም» አላት። «ጎታቹ ሳያውቅ ከባልዲው ውዝዋዜ ጋር እኩል ከጎተተ፣ ባልዲው ግድግዳ ለግድግዳ እየተላተመ የሚያቆመው የለም። እንደዚያ ነው?»

ሔራን ብዕሯን አስቀመጠች። «እንደዚያ ነው፣ አባባ። ከኔ የተሻለ ነው የገለጹት።»

«ሌላ ይመጣል?»

«መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የለም። ላይመጣም ይችላል። ከመጣ ግን የት እንደሚብስ እርስዎ ከኔ ቀድመው ያውቁታል። ይኸ የተሰነጠቀው ቤት ውስጥ ሰው አለ?»

«አራስ አለች» አለ ኑሀ። የማን ልጅ እንደሆነች አልነገራትም። አፈረ።

ከሰዓት ዚነት ዘንድ ገባ። አልጋዋ ከተሰነጠቀው ግድግዳ ሥር ነው። ልጁ ይጠባል። «ልጀ፣ ከዚህ ቤት ውጪ» አላት።

«አርባዬ ሳይሞላ? አራስ ሜዳ ላይ ልተኛ? ምን ሊያገኘን?»

«ሜዳ ላይ አይደለም። መይሙና ቤት።»

ዚነት ጡቷን ከልጁ አፍ ነቀለች። «ቤቴን በዓይኗ የበላችው እኮ እሷ ናት! የሷ ቆሞ የኔ የተሰነጠቀው ለምን ይመስልሃል?»

«ከዓይን አይደለም። ከኔ ነው። ይኸ ቦረቦር ነበር፣ ታውቂያለሽ። ጎርፍ ያመጣው አፈር ነው። ለማሽላ የሚሆነው ሁሉ ለቤት አይሆንም። እኔ ሃያ ሁለት ክንድ ወርጄ ድንጋይ ሳጣ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። መፍራት ነበረብኝ።»

ዚነት ልጁን ወደ ትከሻዋ አነሣችው። «ስምንት ዓመት የሰው ሽንት ቤት አጥቤ ነው የሠራሁት። ሲሰድቡኝ ይኸን በረንዳ ነበር የማስበው። አሁን ትተሽው ውጪ ትለኛለህ? አልወጣም፣ አባየ። ደግሞስ አንተ መይሙናን ለምነህ ታውቃለህ? እሷ ራሷ መጥታ ካልወሰደችኝ ንቅንቅ አልልም።» ይኸን ያለችው እህቷ እንደማትመጣ፣ አባቷም እንደማይለምን ስለምታውቅ ነው።

ኑሀ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ካፈርሁ አይመልሰኝ ብሎ ስድስት ዓመት የኖረ ሰው ነው። ከውስጥ የሕፃኑ ልቅሶ ተሰማ፣ ያንን ግድግዳ አሰበ፣ ተነሣ። እስከ ዞብል ሥር ሦስት ጊዜ ቆሞ ሦስት ጊዜ ሊመለስ ዳድቶት ነበር።

የመይሙና ቤት በድንጋይና በጭቃ የተሠራች፣ ባለ አንድ ክፍል ናት። ኑሀ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ስላላወቀ በጓሮ ዞረ። መይሙናን ከአህያዋ ላይ የውሃ ጄሪካን ስታወርድ አገኛት። ረመዳን አማቱን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ቆመ።

«ደህና ዋላችሁ» አለ ኑሀ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና» አለች መይሙና። ግባ አላለችውም።

ኑሀ ቆሞ ተናገረ። ስለ ደለሉ፣ ስለ አለቱ፣ ሔራን ስላሳየችው መስመር፣ ስለ አልጋውና ስለ ግድግዳው። ዓይን ነው ስለሚባለውም አልደበቀም። ሲጨርስ «ለኔ ብለሽ አይደለም፣ ለሕፃኑ ብለሽ» አለ።

መይሙና የጄሪካኑን ክዳን ጠበቅ አደረገች። «ስንት ክንድ ነው የሷ?»

«ሃያ ሁለት።»

«የኔስ?»

«ሦስት መሰለኝ።»

«አራት ተኩል ነው። ረመዳን ነው የቆፈረው። አንተ አልነበርህም።» አህያዋን ፈታች። ሻሿን አጠበቀችና ቁልቁል መንገዱን ያዘች። ረመዳን ከጎረቤት ቃሬዛ ይዞ ከኋላ ተከተለ። ኑሀ ምን እንደተወሰነ ሳይገባው እየተደናቀፈ ተከተላቸው።

ዚነት እህቷ ስትገባ ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መይሙና ቢስሚላህ ብላ ልጁን ከአልጋው አነሣች፣ አየችው፣ በነጠላዋ ጠቀለለችው። «እኔ ልጁን ይዤ ሄጃለሁ። አንቺ ቤትሽን ጠብቂ» አለችና ወጣች። ዚነት «ሌባ! ልጄን!» እያለች ከአልጋዋ ዘለለች። በረንዳው ላይ ስትደርስ ረመዳንና ሰላሁዲን ቃሬዛው ላይ አስተኟት። መንገዱን ሙሉ ስትራገም ሄደች፣ መይሙናም መንገዱን ሙሉ አልመለሰችላትም።

ከዚያ ምንም አልመጣም። አንድ ሳምንት ሄደ፣ ሁለተኛው ተጨመረ። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት የተኳረፉ እህትማማቾች፣ አንድ አራስ ልጅ፣ አንድ ዝምተኛ ባል። ሰላሁዲን ቆቦ ከጓደኛው ጋር ያድራል። ሰፈሩ በኑሀ ሳቀ። «ጉድጓድ ቆፋሪው ነቢይ ሆነ» አሉት። እሱም ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ምግብ አጣ፤ እንዳይመጣ ይለምናል፣ ካልመጣ ደግሞ ዚነት ልትመለስ ነው። መይሙና ለእህቷ አጥሚት ታደርጋለች፣ ገላዋን ታጥባታለች፣ የምትናገራት ግን «ያዥ»ና «ጠጪ» ብቻ ነው። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ዚነት «በቃ፣ ሰኞ ቤቴ እገባለሁ» አለች።

ሰኞ ጠዋት ሰላሁዲን ቤቱን ሊጠርግ ሄደ። ዚነት ልጁን አስተኝታ ልብሷን ትጠቀልላለች። ኑሀ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መሬቱ ከሥር አንድ ጊዜ «ጓ» አለ፣ ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ተንዘረዘረ። መደብ ላይ የነበረው ሲኒ ተንቃጨለ፣ አልወደቀም። ልጁ አልነቃም። ዚነት ብቅ ብላ «ይኸው ነው?» አለች።

ኑሀ ወደ ሜዳው እያየ ነበር። ከአስፋልቱ ወዲህ፣ የድሮው ወንዝ በሄደበት መስመር ላይ፣ አቧራ ተነሥቷል። ጩኸቱ ዘግይቶ ደረሳቸው። ኑሀ ሮጠ፤ ረመዳን ቀደመው።

የዚነት ቤት የፊት ግድግዳ ቆሟል። የሳሎኑ ግን ከመሐሉ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ወድቋል፣ ብሎኬቱ አልጋው ላይ ተከምሯል። የአልጋው አንድ እግር ብቻ ነው የሚታይ። «ሰላሁዲን!» እያሉ ሲጣሩ ከጓሮ መለሰላቸው። ምንጣፍ ለማራገፍ ወጥቶ ነበር። የወደቀ ቆርቆሮ ትከሻውን ሰብሮታል፣ ከዚያ በቀር ደህና ነው። በሰፈሩ ሌሎች ሁለት ቤቶች ወድቀዋል፣ ሁለቱም ጥልቅ ደለል ላይ። ሰው አልሞተም።

ከሰዓት በኋላ አገሩ ሁሉ ለመጠየቅ ዞብል ሥር ወጣ። ጭንጫው ላይ መቀመጫ ጠፍቶ ሰዉ ድንጋይ ለድንጋይ ተደረደረ። ዚነት ከቤት አልወጣችም። አልጋው ላይ ስለተከመረው ብሎኬት ሰላሁዲን ከነገራት ጀምሮ ልጇን ከደረቷ አላነሣችም። ስለ ቤቷ አልቅሳ ስለ ልጇ አላህን ታመሰግናለች፣ ሁለቱ ተደባልቀውባት ሰው ሊለያቸው አልቻለም። መይሙና ለእንግዳው ውሃ ታዞራለች።

አያ አራጌ ዱላቸውን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳይደግስ አይጣላም» አሉ። «እኛ ያኔ ኑሀን ታዝበነው ነበር። ለልጁ ጭንጫ ሰጠ ብለን። ለካ የመሬትን ነገር የሚያውቅ ሰው፣ ታላቋን ልጁን አውቆ ነው አለት ላይ የተከላት። ይኸው ዛሬ ሁሉንም አዳነች። ኑሀ፣ በደልንህ፣ ይቅር በለን።»

ሰዉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። «ማሻአላህ፣ አርቆ አሳቢ!» ያለም ነበር። ኑሀ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ዝም ቢል ይበቃው ነበር። ስድስት ዓመት የተሸከመውን ነውር ሰዉ ራሱ ከትከሻው አውርዶ ክብር ሊያደርግለት ነው። መይሙና ከፊቱ ቆማ ውሃ ትቀዳለች። አታየውም፣ ግን መቅዳቱን አቁማለች።

«አላወቅሁም» አለ ኑሀ። ቀና ብሎ ደግሞ አለው። «ምንም አላወቅሁም። ተቆጥቻት ነው የሰጠኋት። ካለኝ ሁሉ ክፉውን መሬት ፈልጌ ነው የሰጠኋት፣ እንድትቸገር ብዬ። ዚነትንም ልገድላት የነበረው ወድጃት ነው።»

አያ አራጌ አፋቸውን ያዙ። ከእንግዳው አንዱ ሳለ፣ ሌላው ጫማውን ማየት ጀመረ።

«አውቃለሁ» አለች መይሙና። «እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። አንተ ያደረግኸውን ማወቅህን ነበር የማላውቀው።»

ጣሳውን ሞልታ ለአባቷ ሰጠችው፣ እስኪጠጣም ቆማ ጠበቀችው።